እናቴ ከሆስፒታል ወጥተው ብቻቸውን ቀሩ፤ ካውንስሉ አይጠየቅም?

ጥያቄ፦ እናቴ 76 ዓመታቸው ነው። ለንደን ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርገው ጥቂት ከቆዩ በኋላ አንድ ዓርብ ማታ ቤታቸው አድርሰዋቸው ሄዱ። ወረቀታቸው ላይ «ቤተሰብ ይረዳቸዋል» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ግን ሌላ ከተማ ነው የምኖረው፤ ሥራና ልጆች አሉኝ። ማንም ደውሎ አልጠየቀኝም። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ሰው ሳያዩ የሚውሉበት ቀን በዝቷል። ካውንስሉ (የአካባቢው መስተዳድር) ሆስፒታሎችን የሚጠይቅ ኮሚቴ እንዳለው ሰማሁ። እዚያ አቤት ልበል? ካውንስሉ ራሱስ ግዴታ የለበትም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ካውንስሉም ሆስፒታሉም ግዴታ አለባቸው። ኮሚቴው ግን መጀመሪያ የሚኬድበት ቦታ አይደለም። እናትዎን የሚያይ ሰው የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ከዚያ እንጀምር።

እናትዎ ለሚኖሩበት ካውንስል የአዋቂዎች ሶሻል ኬር (የማኅበራዊ እንክብካቤ) ክፍል ዛሬውኑ ይደውሉ። «ኒድስ አሰስመንት (የፍላጎት ግምገማ) ይደረግላቸው» ይበሉ። ጥያቄውን በኢሜይልም ይድገሙት፤ ቀኑ በጽሑፍ ይቀመጥልዎት። የእንግሊዙ የእንክብካቤ ሕግ፣ ኬር አክት 2014፣ አንቀጽ 9 ግልጽ ነው። አንድ አዋቂ ሰው እንክብካቤና ድጋፍ የሚያስፈልገው መስሎ ከታየ ካውንስሉ ፍላጎቱን መገምገም አለበት። ችግሩ ትንሽ ነው፣ ወይም ገንዘብ አላቸው ብሎ ግምገማውን መከልከል አይችልም። ስልክ ላይ «ቁጠባ አላቸው?» ብለው ሊጀምሩ ይችላሉ። የገንዘቡ ጉዳይ ከግምገማው በኋላ የሚመጣ ነው። ሁኔታው አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ ግምገማው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ እርዳታ ለመጀመር አንቀጽ 19 ለካውንስሉ ሥልጣን ይሰጠዋል። «አስቸኳይ ነው» የሚለውን ቃል አይርሱ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር ልግባ። ብቸኝነት በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታ አለው። ካውንስሉ ድጋፍ የመስጠት ግዴታ የሚኖርበት መቼ እንደሆነ የሚወስነው የ2015 ደንብ አሥር ነገሮችን ይዘረዝራል። መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ ቤትን በንጽሕና መያዝ አሉበት። ከእነሱ እኩል ደግሞ ከቤተሰብና ከሌሎች ሰዎች ጋር ያለን ግንኙነት ጠብቆ መኖር አለ። በአካባቢው ያሉ አስፈላጊ አገልግሎቶችን መጠቀም መቻልም አለ። ሰውየው በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት ከአሥሩ ቢያንስ ሁለቱን ካልቻለ፣ ይህም ደኅንነቱን በከባድ ሁኔታ ከነካ፣ መስፈርቱን አሟልቷል። «አለመቻል» ማለትም የግድ ጨርሶ አለመቻል አይደለም። በሰው እርዳታ ብቻ የሚያደርገው ከሆነ፣ ቢያደርገውም ከባድ ሕመም ወይም ጭንቀት ካለው፣ ለአደጋ ካጋለጠው፣ ወይም ከተለመደው እጅግ የረዘመ ጊዜ ከወሰደበት፣ በደንቡ አልቻለም ነው የሚባለው። ስለዚህ እናትዎ ያን ሁሉ ደረጃ እያቃሰቱ አንድ ቀን ቢወርዱ እንኳ «ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

እዚህ ላይ የኛ እናቶች ጉዳይ ያሳስበኛል። ነርሷ «እንዴት ነዎት?» ስትል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ሻይ ማፍላት ይችላሉ ወይ ሲባሉ «እንዴታ!» ይላሉ። ሰው ማስቸገር ነውር ነው ብለው ያደጉ ናቸው። ገምጋሚው ግን የሰማውን ነው የሚጽፈው። «ደህና ነኝ» ፋይሉ ውስጥ «ችግር የለባቸውም» ሆኖ ይገባል። ከግምገማው በፊት አብረዋቸው ይቀመጡና መጥፎውን ቀን እንዲናገሩ ያግባቧቸው። ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ሰው አዩ? ምን በሉ? ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ምን ይዘው ነው? ቤተ ክርስቲያን መቅረታቸው ምን አደረጋቸው? ይህን ቀደም ብለው በወረቀት ይጻፉት። እናትዎ ከፈለጉ እርስዎ በግምገማው ላይ እንዲገኙ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ጥያቄው በስልክ ብቻ እንዳያልፍ ቤት መጥተው እንዲያዩ ይጠይቁ። አስተርጓሚም ይጠይቁ። ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም እናት የማትናገረው ብዙ ነገር አለ። ግምገማው ሲያልቅ ውጤቱንና ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው።

«ቤተሰብ ይረዳቸዋል» የሚለውን በተመለከተ፣ ሳይጠይቁዎት የተጻፈ ነገር አያስገድድዎትም። እንግሊዝ ውስጥ አዋቂ ልጅ ወላጁን የመንከባከብ ሕጋዊ ግዴታ የለበትም። በአንቀጽ 10 መሠረት ለራስዎ የተንከባካቢ ግምገማ መጠየቅ ይችላሉ፤ እዚያ ውስጥ መቻልዎ ብቻ ሳይሆን ፈቃደኛ መሆንዎም ይጠየቃል። የሚችሉትን ያህል ብቻ አደርጋለሁ ማለት እናትን አለመውደድ ተብሎ አይቆጠርም። «በሳምንት አንድ ቀን እመጣለሁ፣ ማታ ማታ እደውላለሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» ብለው በግልጽ ይጻፉ። ሥራ ያላት፣ ልጆች የምታሳድግ ሰው ይህን በማለቷ ልታፍር አይገባም።

ወደ ሆስፒታሉ ስንመጣ አንድ ነገር ላስተካክል። ሙሉ ግምገማ ሳይደረግ መላካቸው ብቻውን ሕግ መጣስ አይደለም። ከ2022 ወዲህ ሕጉ ተለውጧል፤ የረጅም ጊዜ ፍላጎት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቢገመገም ይፈቀዳል። ነገር ግን በሽተኛው ሲወጣ ድጋፍ ሊያስፈልገው ይችላል ብሎ ሆስፒታሉ ካሰበ፣ ማስወጣቱን ማቀድ እንደጀመረ በተቻለ ፍጥነት በሽተኛውንና ተንከባካቢውን ለማሳተፍ ተገቢ እርምጃ መውሰድ አለበት። ይህ አሁን የኬር አክት አንቀጽ 74 ነው። ዳሌዋ የተሰበረ የ76 ዓመት ሴት፣ ብቻዋን፣ ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ። ድጋፍ ያስፈልጋታል ብሎ አለማሰብ ይከብዳል። እርስዎን ተንከባካቢ ብሎ ጽፎ ለእርስዎ አለመደወል ደግሞ መልስ የሚሻ ነው። በእናትዎ ፈቃድ ለሆስፒታሉ የቅሬታ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ከሆስፒታል የማስወጫ ዕቅዳቸውን ቅጂም ይጠይቁ። ለኤንኤችኤስ (ለመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ቅሬታ የሚቀርበው በመደበኛው በ12 ወር ውስጥ ነው። በመልሱ ካልረኩ ቅሬታን በገለልተኝነት የሚመረምር የፓርላማና የጤና ኦምቡድስማን አለ። በካውንስሉ ላይ ላለዎት ቅሬታ ደግሞ የአካባቢ መስተዳድርና ሶሻል ኬር ኦምቡድስማን አለ። ሁለቱ የተለያዩ ተቋማት ናቸው።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ፦ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ አቅሙን መልሶ እንዲያገኝ የሚሰጠው ሪኤብልመንት የሚባለው እርዳታ እስከ 6 ሳምንት አያስከፍልም። ይሰጣቸው እንደሆነ በስሙ ጠርተው ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ሆነው ለሚያገኙት እርዳታ የሚኖሩበት ቤት ዋጋ አይቆጠርባቸውም።

አሁን ወደ ኮሚቴው። ሄልዝ ስክሩቲኒ ይባላል። በካቢኔው (ካውንስሉን በሚመራው ቡድን) ውስጥ የሌሉ የካውንስል አባላት ይቀመጡበታል። በ2013 ደንብ መሠረት የኤንኤችኤስ ተቋማትን መረጃ ማስቀረብ፣ ኃላፊዎቻቸውን ጠርቶ መልስ እንዲሰጡ ማድረግ፣ ሪፖርትና ምክረ ሐሳብ መላክ ይችላል። መልስ ከጠየቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልሱለታል። የአንድን ሰው ቅሬታ ግን አይዳኝም፤ ካሳም አያስከፍልም። ሥራው ነገሩ በስንት ሰው ላይ እየደረሰ እንደሆነ መመርመር ነው። እኔ ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። ዓርብ ማታ ብቻቸውን ወደ ቤት የሚላኩ አዛውንቶች ስንት ናቸው? በማግስቱ ማን ይደውላል? የቤተሰብ ፈቃደኝነት እንዴት ነው የሚጣራው? እነዚህን ጥያቄዎች በአደባባይ ሆስፒታሉንም የካውንስሉን የራሱን የሶሻል ኬር ኃላፊም የሚጠይቅ እንዲህ ያለ መድረክ ነው።

ለእናትዎ ሰፈር ካውንስለር (የተመረጠ የካውንስል አባል) ይጻፉ። ካውንስለሩ ጉዳዩ በኮሚቴው አጀንዳ እንዲያዝ መጠየቅ ይችላል። በዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸው ቤተሰቦች ካሉ አብራችሁ ጻፉ፤ አንድ ደብዳቤ እንደ ግል ቅሬታ ሊታይ ይችላል፣ አምስት ደብዳቤ ግን የአሠራር ችግር መሆኑን ያሳያል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። የእናትዎን ስምና የሕክምና ዝርዝር ግን እዚያ አያውጡ።

ካውንስሉ ግምገማውን እንቢ ካለ ወይም ያለ ምክንያት ካጓተተ የሕዝብ ሕግ ጠበቃ (በመንግሥት አካላት ውሳኔ ላይ የሚከራከር ጠበቃ) ያማክሩ። ጉዳዩን ፍርድ ቤት የካውንስሉን ድርጊት ሕጋዊነት እንዲመረምር፣ በጁዲሻል ሪቪው፣ ማቅረብ የሚቻለው ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ3 ወር ውስጥ ነው። ጉዳዩ የእናትዎ ስለሆነ ለሊጋል ኤይድ (መንግሥት ለሚከፍለው የጠበቃ ድጋፍ) የሚታየው የእሳቸው ገቢና ንብረት ነው።