መልስ፦ ያስተካከልኩት የኮክፒት ማሳያ ከዝመና በኋላ ለምን ይጠፋል?

በዲሲኤስ ወርልድ (የኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ) የኮክፒቱን፣ ማለትም የአብራሪውን ክፍል ማሳያዎች ወደ ሁለተኛ ሞኒተር አውጥተው ዝመና ሲመጣ የጠፉብዎት፣ የሉዋ ፋይሉን (ማሳያዎቹ የት እንደሚወጡ የሚወስነውን፣ በሉዋ ቋንቋ የተጻፈውን የቅንብር ፋይል) ጨዋታው በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ስላስቀመጡት ይመስለኛል። እዚያ የጨመሩትን ዝመና ወይም ሪፔር (የጨዋታው ፋይሎች መጠገኛ) ሊያጠፋው ይችላል። ትክክለኛው ቦታ በዊንዶውስ የተጠቃሚ ፎልደርዎ ውስጥ ያለው ሴቭድ ጌምስ፣ ከዚያ ዲሲኤስ፣ ኮንፊግ፣ ሞኒተርሴትአፕ ነው። የመጨረሻው ፎልደር ከሌለ ራስዎ ይፍጠሩት።

ፋይሉን ሲገለብጡ ውስጡ ያለውን ስምም ይቀይሩ። በጨዋታው ማስተካከያዎች ውስጥ ባለው የሲስተም ገጽ፣ በሞኒተሮች ዝርዝር ላይ የሚታየው እሱ እንጂ የፋይሉ ስም አይደለም፤ ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ካሉ የቱን እንደመረጡ አያውቁም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዋናው ሞኒተር 1920 በ1080፣ በስተቀኙ ያለው 1280 በ1024 ከሆነና ከላይ ጠርዛቸው እኩል ከሆነ፣ በጨዋታው ውስጥ ሬዞሉሽኑን 3200 በ1080 ያድርጉ። የዋናውን ብቻ ከተዉት ሁለተኛው ስክሪን ላይ ምንም አይወጣም። የግራ ማሳያው አግድም መነሻ 1920፣ የቀኙ 2560፣ የሁለቱም ቁመታዊ መነሻ 0፣ ስፋትና ቁመታቸው 640 ይሁን። የማሳያዎቹ መጠሪያ በሙሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፍ፤ ሉዋ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል። አንዲት ኮማ ብትጎድልም ፋይሉ በሙሉ አይነበብም።

በኮክፒቱ ውስጥ የሚያዩበትን አንግል ሴቭ ማድረግ ግን ከዚህ ፋይል የተለየ ጉዳይ ነው፤ እሱ በቀኝ ኦልት እና በኑምፓድ 0 ነው።