መጨረሻውን ብታውቀውም እየው

ወንድሜ፣ ጓደኛህ የማፍያውን ፊልም መጨረሻ ስለነገረህ «ልተወው ወይ?» ብለሃል። አትተወው። የማፍያ አለቃ ወይ እንደሚገደል ወይ እንደሚታሰር ማን የማያውቅ አለ? ሆሊውድ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይመራበት የነበረው የሥነ ምግባር ደንብ እንኳ ወንጀለኛው ሳይቀጣ ፊልሙ እንዳያልቅ ያስገድድ ነበር። ተመልካቹ መጨረሻውን እያወቀ ነበር የሚገባው።

ብራያን ደ ፓልማ እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራው «ካርሊቶስ ዌይ» ደግሞ የሚጀምረው አል ፓቺኖ የሚጫወተው ሰው በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ በማሳየት ነው። እኔ ግን ባቡር ጣቢያው ውስጥ ሲያሳድዱት «ይተርፍ ይሆናል» እያልኩ ጥፍሬን ስበላ ነበር። ማወቄ ጭንቀቱን አባሰው እንጂ አልቀነሰውም፤ የሚሳሳተውን እያንዳንዱን ስህተት «ተው!» እያልክ ታያለህ።

ልጅ ሳለሁ እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ ቪዲዮ ቤት፣ ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ልጅ ሁልጊዜ ከኋላችን ተቀምጦ «አሁን በመስኮት ይገባል!» ይል ነበር። እንሰድበዋለን፤ በማግስቱ ግን እኛም ያንኑ ፊልም ለማየት ከፍለን እንገባለን።

የነገረህ ግን ከቡድኑ መካከል ለፖሊስ የሚሠራው ማን እንደሆነ ከሆነ፣ እሱ በእርግጥ ጉዳት ነው። እስክትረሳው ጥቂት ወራት አቆየው። ጓደኛህንም እስከዚያ ቡና አትጋብዘው።