ቴሴራክትን በዊንዶውስ ላይ ኮምፓይል ከማድረግዎ በፊት የተጠቃሚ ፎልደርዎን ስም ይመልከቱ

ከደብረ ሲና የጠየቁት ወንድሜ፣ ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበውን ቴሴራክትን በዊንዶውስ ላይ ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል አድርገው (ማለትም ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያሠራው ፕሮግራም ቀይረው) ከራስዎ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ጋር ለማገናኘት ሲሞክሩ፣ ገና ቴሴራክት ምስል ለማንበብ በሚደገፍበት በሌፕቶኒካ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ላይ «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም» የሚል ስህተት እንዳስቸገረዎት ጽፈዋል። እኔንም ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ላይ ይኸው ስህተት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛልና የደረሰብኝን ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ሌፕቶኒካንና የምስል ላይብረሪዎቹን ከየቦታው እየለቀሙ ለመገንባት አይድከሙ። ቪሲፒኬጂ የተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ሁሉንም በቅደም ተከተል ራሱ አውርዶ ኮምፓይል ያደርጋል። ፕሮግራምዎ 64 ቢት ከሆነ ላይብረሪውንም በ64 ቢት ያሠሩት፤ ከተደባለቁ የተገነቡትን ክፍሎች የሚያገናኘው ሊንከር በመጨረሻ ሰዓት እምቢ ይላል።

ሁለተኛ፣ ዋናው ጉዳይ የተጠቃሚ ፎልደርዎ ስም ነው። የእኔን ላፕቶፕ ያዘጋጀው የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ አካውንቱን ሲከፍት ስሜን በአማርኛ ስለ ጻፈው፣ ፎልደሩም በዚያው ስም ተፈጠረ። ለዕለት ሥራ ምንም እንከን ስላልነበረው ፈጽሞ አልጠረጠርሁትም፤ ስለዚህ ሁለት ሌሊት ሙሉ ኮምፓይለሩን የያዘውን ቪዥዋል ስቱዲዮን እያጠፋሁ እንደ ገና ስጭን፣ የገዛሁትን የኢንተርኔት ጥቅል ጨረስሁ። በሦስተኛው ሌሊት ጋቢ ተከናንቤ የስህተቱን መዝገብ መስመር በመስመር ሳነብ፣ «ዩዘርስ» ከሚለው ቀጥሎ ባለ አራት ፊደሉ ስሜ ሊቀመጥ በሚገባው ቦታ አራት የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው አገኘሁ። ዊንዶውስ ራሱ የፋይል ስሞችን የዓለምን ፊደላት በሚያቅፈው በዩኒኮድ ቢይዝም፣ በግንባታው ከሚሳተፉት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ አሁንም የሚያነቡት የግዕዝ ፊደል በሌለበት በአሮጌው ኮድ ፔጅ (የፊደል ሰንጠረዥ) ነው፤ ያልታወቀው ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል፣ የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ መግባት ስለማይችል ፋይሉ ሊገኝ አይችልም።

በማግስቱ በላቲን ፊደል አዲስ አካውንት እንዲከፍትልኝ ያንኑ ባለሙያ ለመንሁት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ለሌላው ሰው ይሠራል፤ ችግሩ ያንተ ነው» አለኝ። ማመልከቻ ጽፌ ኃላፊው ዘንድ ሦስት ጊዜ ብመላለስም መልስ የሰጠኝ የለም። ስሙን የጻፈው እርሱ ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ መደረጌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በቅንብር ገብተው የአካውንቱን ስም ቢቀይሩ የሚለወጠው የሚታየው ስም ብቻ ነው፤ ፎልደሩ እንደ ነበረ ይቀራል። እኔ ያለ ማንም ፈቃድ የተወጣሁት እንዲህ ነው፦ ቪሲፒኬጂን ከተጠቃሚ ፎልደሬ አውጥቼ በሲ ድራይቭ ሥር በአጭር የላቲን ስም በከፈትሁት ፎልደር ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ማጠሩ ራሱ ይጠቅማል፣ ብዙ መሣሪያዎች ከ260 ፊደል የሚረዝም አድራሻ ሲያጋጥማቸው ይወድቃሉና። ይህ ብቻውን ግን አልበቃም። ኮምፓይለሩ ጊዜያዊ ፋይሎቹን የሚጽፈው በዚያው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ የጥያቄ ምልክቶቹ ተመልሰው መጡ። ያን ጊዜ «ቴምፕ» እና «ቲኤምፒ» የሚባሉትን የተጠቃሚ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች (ጊዜያዊ ፋይሎች የት እንደሚጻፉ ለፕሮግራሞች የሚነግሩ ቅንብሮች) በሲ ድራይቭ ሥር ወዳለ ሌላ አጭር ፎልደር አዞርኋቸው፤ ይህን ለማድረግ የአድሚን ፓስወርድ አያስፈልግም። በግማሽ የቀረውን ግንባታ ደምስሼ፣ የትእዛዝ መስኮቱን ዘግቼ በአዲስ ከፈትሁና ሥራውን አስጀመርሁት። በመካከል መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ያለ አንድ ስህተት ተጠናቀቀ። ባለሙያው የነፈገኝን በገዛ እጄ ስላገኘሁት ኩራት ተሰምቶኛል።

ቴሴራክት የአማርኛን ፊደል የሚለይበትን የሥልጠና ፋይል ለብቻው ማውረድ ይኖርብዎታል፤ እርሱንም በዚያው በላቲን በተሰየመው ፎልደር ያስቀምጡት፤ የእኔ ፕሮግራም መጀመሪያ ሲነሣ ፋይሉን ያጣው አሁንም በዚያው በተጠቃሚ ፎልደሬ ውስጥ ባለው ዴስክቶፕ ላይ ትቼው ስለ ነበር ነው።