ራውተሩን ከመሸጥህ በፊት ገመዱን እየው

«ባለ ሦስት ባንድ ውድ ራውተር ገዝቻለሁ፤ ሳሎን ውስጥ በጣም ፈጣን ነው፣ መኝታ ቤት ግን የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል። ሸጬው ዋይፋይ 7 ልግዛ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦ አትሽጠው። በዋይፋይ 7 ማስታወቂያ ላይ የሚጮኸው ፍጥነት የሚመጣው ከ320 ሜጋኸርትዝ የቻናል ስፋት (መረጃው በአየር ከሚሄድበት መንገድ ስፋት) ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው 6 ጊጋኸርትዝ በሚባለው ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ላይ ብቻ ነው። 6 ጊጋኸርትዝ ግድግዳ ሲያጋጥመው ከ5 ጊጋኸርትዝም ይብሳል። መኝታ ቤት ስትገባ ስልክህ ተመልሶ ወደ 5 ወይም ወደ 2.4 ይወርዳል። በአዲስ ብር የድሮውን ችግር ገዛህ ማለት ነው።

1. የካርቶኑን ቁጥር እርሳው። ኤኤክስ 11000 የሚል ራውተር ለማንም 11000 ሜጋቢት አይሰጥም። ቁጥሩ የሦስቱ ባንዶች የወረቀት ፍጥነት ተደምሮ ወደ ላይ የተጠጋጋ ነው፦ 1148 በ2.4 ጊጋኸርትዝ፣ 4804 እና 4804 በሁለቱ 5 ጊጋኸርትዝ። የዋይፋይ 6 ስልክ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንዱን ባንድ ብቻ ነው። 4804 ራሱም አራት አንቴና ላለው መሣሪያ ሲሆን፣ ስልክና ላፕቶፕ በአብዛኛው ሁለት ነው ያላቸው። ስለዚህ የስልክህ ጣሪያ በ160 ሜጋኸርትዝ ስፋት 2402፣ በ80 ደግሞ 1201 ነው። ይህም የግንኙነት ፍጥነት እንጂ ፋይል የምታወርድበት አይደለም፤ ከላዩ ላይ ሲሶ ገደማ ቀንስ። የራውተሩ የኢንተርኔት መግቢያ 1 ጊጋቢት ከሆነ ደግሞ ስፒድ ቴስት ላይ ከ940 አካባቢ አታልፍም፤ አንቴናው ስምንት ቢሆንም።

2. ከኢንተርኔት አቅራቢው የመጣው ሞደም ምን እየሠራ እንደሆነ እይ። አብዛኛው ሰው አዲሱን ራውተር ከእሱ ኋላ ይሰካና ሁለቱም ራውተር ሆነው፣ ሁለቱም ዋይፋይ እየበተኑ ይቀጥላሉ። ለማረጋገጥ የራውተርህን ሰቲንግ ገጽ ክፈትና የዋን አይፒ አድራሻውን (በኢንተርኔት መግቢያው በኩል የተሰጠውን አድራሻ) አንብብ። በ192.168 ከጀመረ ሞደሙም ራውተር ሆኖ እየሠራ ነው፤ ይህ ደብል ናት (አድራሻን ሁለት ጊዜ መቀየር) ይባላል፤ ጌም፣ ቪፒኤንና የቤት ካሜራን ከውጭ ማየት የሚያስቸግረው እሱ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን አቅራቢው ራሱ ብዙ ደንበኛን በአንድ አድራሻ እያወጣ ነው፤ ያንን ቤት ሆነህ አታስተካክለውም።

የደብል ናት መፍትሔው ሞደሙን ብሪጅ ሞድ ላይ ማድረግ ነው፤ ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ ያሳልፋል። ግን ቁልፉን ከመንካትህ በፊት ሦስት ነገር ከአቅራቢው ተቀበል፦ የፒፒፒኦኢ (ወደ አቅራቢው መስመር መግቢያ) ዩዘርኔም፣ ፓስወርዱ፣ እና ካለ የቪላን (መስመሩ የሚለይበት) ቁጥሩ። ይህን ሳይዝ ብሪጅ ያደረገ ሰው ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ነው ስልክ የሚደውለው፤ ስልኩን የሚያነሳው ደግሞ «ሪስታርት አድርገውታል?» ከሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ውጪ የተሰጠው አይመስልም። ችግርህን ከሥሩ ለማስረዳት አትድከም፤ ሦስቱን ብቻ በስማቸው ጠይቅ፣ ካላወቀ የሚያውቅ እንዲያገናኝህ ንገረው። እንቢ ካሉህ የራስህን ራውተር አክሰስ ፖይንት ሞድ (ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭበት) ላይ አድርገውና የሞደሙን ዋይፋይ አጥፋ። ኪውኦኤሱን (ለየትኛው ሥራ ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚወስነውን) እና የልጆች ቁጥጥሩን ልታጣ ትችላለህ እንጂ ዋይፋዩ በሙሉ አቅሙ ይሠራል።

3. ገመድ። እዚህ ላይ ረጋ በል፤ ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው። ስፒድ ቴስትህ ሁልጊዜ 93 ወይም 94 ላይ ከቆመ ራውተሩን አትውቀስ፤ አንዱ ፖርት በ100 ሜጋቢት ተገናኝቷል ማለት ነው። 100 ሜጋቢት የሚሄደው በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ሽቦዎች ብቻ ነው፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ከቀሩት አራት አንዱ ቢላቀቅ መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን አንድ አሥረኛ ሆኖ ይቀራል። ጫፉን ብርሃን ላይ ያዘውና እይ፦ ስምንቱም ሽቦ እስከ ጫፉ መድረስ አለበት፣ የገመዱ ውጪያዊ ልባስም የጫፉ ፕላስቲክ ክሊፕ ውስጥ ገብቶ መነከስ አለበት። ልባሱ ውጪ ቀርቶ ባለቀለም ሽቦዎቹ እርቃናቸውን የሚታዩ ከሆነ ቁረጠውና አዲስ ክሊፕ ምታበት። ቅደም ተከተሉ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት።

ሽቦውንም በምላጭ ፋቅ አድርገው። ከላይ መዳብ መስሎ ውስጡ ብርማ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ርቀት ላይም ይደክማል። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ (ካት የገመዱ ደረጃ ነው) 1 ጊጋቢትም 2.5 ጊጋቢትም እስከ 100 ሜትር ይወስዳል። ካት 6 የሚያስፈልግህ 10 ጊጋቢት ካሰብክ ነው፤ እሱም እስከ 55 ሜትር ገደማ ነው። ካት 7 ካት 8 እያለ የሚያስፈራራህን ሻጭ እለፈው።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ የቀሩት ተጠላልፈዋል። መኝታ ቤት ቆመህ የሲግናሉን መጠን በስልክ አፕ ለካ። -65 ዲቢኤም (የሲግናል መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበረታል) አካባቢ ከሆነ ጥሪ መቆራረጥ የለበትም፤ -75 እና ከዚያ በታች ከሆነ ራውተር በመቀየር አይድንም፣ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ ያስፈልግሃል። ከሁሉ የሚሻለው አንድ ገመድ ወደ መኝታ ቤቱ ኮሪደር ስቦ ርካሽ አክሰስ ፖይንት መስካት ነው። በገመድ የተያዘ ርካሽ ዕቃ በአየር ከተያዘ ውድ ሜሽ (ዋይፋዩን እየተቀባበሉ ከሚያሰራጩ ዕቃዎች) ይበልጣል፤ በዚህ አልደራደርም። የግድ በአየር ከሆነ ኖዱን (ሁለተኛውን የሜሽ ዕቃ) ሲግናል በጠፋበት ክፍል አታስቀምጠው፤ የደከመ ሲግናል ተቀብሎ የደከመ ነው የሚያከፋፍለው። መሐል ላይ፣ ራሱ -60 ገደማ በሚያገኝበት አኑረው። ባለ ሁለት ባንድ ሜሽ ደግሞ ከዋናው ጋር የሚያወራበትና ለስልክህ የሚሰጥበት ሬዲዮ አንድ ስለሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ፣ ራውተሩ አጠገብም እያለህ አልፎ አልፎ ድርግም የሚል ከሆነ 160 ሜጋኸርትዙን ጠርጥር። 5 ጊጋኸርትዝ ላይ 160 ስፋት ለማግኘት ራውተሩ ከራዳር ጋር የሚጋራቸውን ቻናሎች መጠቀም አለበት። ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ለቅቆ ይወጣል፤ አዲሱም ከራዳር የሚጋራ ከሆነ ቢያንስ 1 ደቂቃ ሳያሰራጭ ያዳምጣል። ወደ 80 አውርደውና ቻናል 36 ላይ ቸንክረው። 2.4 ላይ ደግሞ ስፋት 20፣ ቻናል 1 ወይም 6 ወይም 11፤ ሌላ የለም። ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ራውተሩ ላይ የሰካህ ከሆነ 2.4ን እንደሚረብሽ እወቅ።

ጥሪው የሚቆራረጠው ሌላው ሰው ቪዲዮ ሲጭን ብቻ ከሆነስ? ይህ የዋይፋይ ጉዳይ አይደለም፤ የአፕሎድ ወረፋው ነው የሞላው። ፒንግ (መልስ ለመምጣት የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ) እያስኬድክ ትልቅ ፋይል ጫን፤ 20 ሚሊሰከንድ የነበረው ወደ 300 ከዘለለ ኪውኦኤስ አብራና አፕሎዱን ከለካኸው 85 እስከ 90 በመቶ ላይ ገድበው። ግን ብዙ ራውተር ላይ ኪውኦኤስ ሲበራ የሃርድዌር ማፋጠኛው ይጠፋል፤ ጭነቱ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና 900 የነበረው ዳውንሎድ ሊያሽቆለቁል ይችላል። መስመርህ ከ300 ሜጋቢት በታች ከሆነ በውድ ራውተር ላይ ብዙም አይሰማህም።

ራውተሩን ከቲቪው ጀርባም አውጣው፤ ሙቀትም ብረትም አይወድም። አዳፕተሩን ከቀየርክ ቮልቱ ልክ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ። ፈርምዌሩን (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) አፕዴት አድርግ፤ ዝላዩ ትልቅ ከሆነ ፋብሪካ ሪሴት አድርገህ ሰቲንጉን በእጅህ ሙላ፣ የድሮውን ባካፕ አትመልስ። የቆየ ፕሪንተር ወይም ካሜራ አልገናኝ ካለ ደብሊው ፒ ኤ 3 (አዲሱ የዋይፋይ ጥበቃ) አልገባው ብሎ ይሆናልና ለእነሱ ብቻ በ2.4 ላይ በቀድሞው ደብሊው ፒ ኤ 2 የተለየ የዋይፋይ ስም ክፈት።

ይህን ካደረግህ በኋላም ካልቆመ ሦስት ነገር እዚህ ለጥፍ፦ የዋን አድራሻውን መጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች (ሙሉውን እንዳትለጥፍ)፣ ፖርቱ በስንት እንደተገናኘ፣ የመኝታ ቤቱን ዲቢኤም። የራውተሩን ፎቶ ተወው።