ጠዋት ‹ዲ› ላይ ሲገባ የሚዘገይ ካምቢዮ

ጠዋት አውቶማቲክ መኪናህን ‹ዲ› (ወደፊት መሄጃው) ላይ ስታስገባው 3 ሰከንድ ያህል ቆይቶ በኃይል የሚመታህ፣ ሲሞቅ ግን የሚተውህ ከሆነ፣ መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት እይ። ዘይት ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል። ግፊቱ ይወርድና ማርሹ ቶሎ አይዝም።

1. መኪናውን አሙቀህ ሜዳ ላይ አቁም።
2. ፍሬን ይዘህ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፈው፣ ‹ፒ› ላይ መልሰው።
3. የዘይቱን መጠን ለካ። አብዛኛው ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው፤ መመሪያውን ግን እይ።

ከጎደለ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልግ፤ ካምቢዮ ዘይት አያቃጥልም። ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ (ማርሹን የሚይዙት ሳህኖች) እየተበሉ ነው።

አደራ፣ ያገኘኸውን ዘይት አትጨምር! እኔ ጨምሬ ማርሹ መንሸራተት ጀመረ፤ የዳነልኝ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ሳስቀይር ነው። በተለይ የሲቪቲ ካምቢዮ (በቋሚ ማርሾች ፈንታ በቀበቶ ወይም በሰንሰለት የሚሠራው) የራሱ ዘይት አለው።