ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን፦ ከሣጥን የተገኘው የቃኘው ዓርማ

ጥያቄ፦ ኮሪያ ዘምተው የነበሩት አያታችን ካረፉ በኋላ ሣጥናቸው ውስጥ ሞዓ አንበሳ ያለበት የሐር ሰንደቅ ዓላማ አገኘን። እጥፋቱ ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል። የቃኘው ሻለቃ ይሆን? አጥበንና ተኩሰን መስታወት ውስጥ ብናደርገውስ?

መልስ፦ እባካችሁ አትጠቡት፣ አትተኩሱትም። ያረጀ ሐር ደርቆ ይሰባበራል፤ ውሃ ሲነካው ቀዩና አረንጓዴው ወደ ቢጫው ሊፈስ ይችላል፣ ካውያ ደግሞ የደረቀውን ክር እጥፋቱ ላይ ይበጥሰዋል።

የቃኘው ነው ለማለት አንበሳው ብቻ አይበቃም፤ የአገሩም ሰንደቅ ዓላማ አንበሳ ነበረበት። አንበሳው ዘውድ ደፍቶ መስቀል ያለበት በትር ከያዘ ከደርግ በፊት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ በእንጨቱ በኩል ያለውን ጠርዝ እዩ። በገመድ የሚሰቀል ሰንደቅ ዓላማ ቀዳዳ ወይም ማሰሪያ አለው፤ የጦር ክፍል ዓርማ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንጨት የሚገባበት እጅጌና ዙሪያውን ዘርፍ አለው። የሚያረጋግጠው ግን የክፍሉ ስም በጥልፍ መኖሩ ነው።

ቃኘው ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ሻለቃ ነበር። የመጀመሪያው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ፑሳን ሄዶ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ተሰለፈ። ሻለቃዎቹ ይቀያየሩ ስለነበር የአያታችሁን ዙር ማወቅ ይጠቅማል፤ በ1945 ዓ.ም. በፖርክ ቾፕ ኮረብታ አካባቢ የተዋጉት ሦስተኛው ዙር ናቸው። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ተዋግተዋል፣ ከ120 በላይ ወድቀዋል፣ አንድም አልተማረከም። እንዲህ ያለ ዓርማ ከሆነ በእርግጥ ከባድ አደራ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱንም ገጽ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ እጥፋቱን በእጅ አትጫኑት፣ ራሱ ቀስ ብሎ ይላላ። አቧራውን ቀጭን መረብ ጣል አድርጋችሁ በደካማ የቫኪዩም ኃይል ምጠጡት። ስንጥቁን በፕላስተር አትለጥፉ፣ በመርፌም አትስፉ፤ መርፌው ራሱ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል።

ከዚያ ከዓርማው ስፋት የሚረዝም፣ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ ፈልጉ። ያለ ሳሙና ደጋግማችሁ ባጠባችሁት አቡጀዲ ሸፍኑት፤ አዲስ አቡጀዲ የሚያጠነክረው ስታርች ነፍሳት ይስባል። ጥልፉን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ላላ ብሎ ይጠቅለል፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ሐሩ ይጨማደዳል። ቀለም የተቀባ ምስል ካለው ግን አይጠቀለልም፣ ተዘርግቶ ይቀመጥ። የብረት ክር ያለው ዘርፍ ዝጎ ሐሩን ስለሚያቆሽሽ በመሃል ጨርቅ ይግባበት።

ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፣ እርጥበት አፍኖ ያሻግተዋል። ናፍታሊን ጨርቁን አይንካ። ለማሳየት ካስፈለገ መስታወቱ ጨርቁን ሳይነካ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ። ከማስጠገን ወይም ለሌላ ከመስጠት በፊት አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ጠይቁ፤ የአያታችሁን ስም፣ ማዕረግና ዙር የያዘ ወረቀት ካለ ከፎቶው ጋር ውሰዱ፣ ዓርማው ግን ከቤት አይውጣ።