በጎቹ ይቆዩ

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ዘንድሮ ከፋርማሲ ትመረቂያለሽ። አባትሽ በጎቹን ሸጠው መድኃኒት ቤት ሊከፍቱልሽ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ ለባክቴሪያ መርዝ ማርከሻ የሚሆኑ ፔፕታይዶች (ትንንሽ የፕሮቲን ቁራጮች) ላይ መሥራት ነው። «ቅዠት ነው ወይ?» ብለሻል።

አይደለም። መንጋጋ ቆልፍን እንኳ ብትወስጂ ሰውየውን የሚገድለው የባክቴሪያው መርዝ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ አንዴ የተለቀቀውን መርዝ አይነካም። ቤሪንግና ኪታሳቶ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1890 የመርዙን ማርከሻ ያገኙት ከእንስሳት ደም ነበር። ፔፕታይድ ያንን ሥራ በአጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ልሥራው ይላል። ጣጣው ቶሎ መሰባበሩ ነው። በአፍ ሲወሰድ ሆድ ይፈጨዋል፣ ደም ውስጥም ብዙ አይቆይም። እንዳይሰባበር አድርጎ መርዙ ያለበት ቦታ ማድረስ የማን ሥራ ይመስልሻል? የፋርማሲ ሰው ነዋ! «የተማርኩት ሌላ ነው» ያልሽው ላይ አልስማማም።

አሁን ወደ አባትሽ። ውለታቸው ትልቅ ነው፣ ሐሳባቸው ግን ልክ አይደለም። በጎቹ የቤታችሁ ባንክ ናቸው። ገና የመውጫ ፈተና ላልወሰደች ልጅ ባንኩን ባዶ ማድረግ ምን የሚሉት ነው? ሱቁ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ የሚያስነሳሽ የለም። ቤተሰቡ በሙሉ ዓይኑ እዚያ ነው።

ፈተናውን እለፊ፣ የሙያ ፈቃድሽን አውጪ፣ ደብረ ብርሃን ወይ ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል ተቀጠሪ። ሁለት ዓመት ሠርተሽ ትንሽ አስቀምጪና ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ውረጂ። አርማወር ሐንሰንን የመሰለ የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ተቋም ያለው እዚያ ነው። እኔ ሁለተኛ ዲግሪ የጀመርኩት አራት ዓመት ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ ነው። ደመወዙ አያኮራም። መድኃኒት አልሠራ ሲል ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግሊዝኛሽ እያነበብሽ ይስተካከላል። የውጭ ስኮላርሺፕ አመልክቺ፣ ቤት ቁጭ ብለሽ ግን አትጠብቂው።

አባትሽ «መርዝ ምናምን ምን ያደርግልሻል?» ካሉ በበጎቹ አስረጃቸው። ማታ ደህና የገባ ጠቦት ጠዋት ሞቶ አግኝተው አያውቁም? አንዱ ምክንያት አንጀቱ ውስጥ ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ የሚለቀው መርዝ ነው። ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው። የባንኩን ነገር ዝለይው፣ የጠቦቱን ግን ሁለቴ አንብቢላቸው።